ሳሙና ያመጣልን ሰውዬ

ዕርዳታውን ከመስጠቱ በፊት ንግግር ካላደረገ የማይሆንለት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛን እዚህ ካዛንቺስ አጋጥሞናል። በኮሮና ጊዜ አንድ ባለሀብት ሳሙና አስጭኖ፣ ካሜራ አስከትሎ ግቢያችን መጣና ስለ እጅ አስተጣጠብ ሊያስተምረን ተነሳ። ይታያችሁ፣ እኛ እኮ ታጥበን ነው ያደግነው! እጅጌውን ሰብስቦ፣ በያዘው የውሃ ላስቲክ የቀረችውን ጭላጭ አፍስሶ እስከ ክርኑ አረፋ በአረፋ ሆነና ቧንቧውን ከፈተ። ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰ፤ ውሃ ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነበር።

ካሜራው እየቀረጸው፣ ሰውዬው ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀረ። ጎረቤቴ እትዬ ደስታ አሳዘናቸውና ለመጠጥ ያስቀመጡትን የመጨረሻ ጆግ ውሃ አምጥተው አስታጠቡት።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ! ሌላ ምን እንርዳችሁ?» አላቸው።

«ምንም አንፈልግ ልጄ፤ ብቻ ሁለተኛ እንዳትታጠብ!»