ካናቴራዎቹ ያተሙብኝ

ትናንት ከሰዓት፣ ልጄን ትርሲትን ሊጠይቁ የሚመጡትን ሽማግሌዎች ስጠብቅ ሶፋው ላይ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። ሐሳቤ ሽማግሌዎቹን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ማመላለስ ነበር፤ ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም።

በሕልሜ የልብስ ማተሚያ ሱቄ ውስጥ ነበርኩ። ካናቴራዎች ቆመው ይሠራሉ፣ እኛ ሰዎች በመጠናችን ተለይተን መደርደሪያ ላይ ታጥፈናል። ከጎኔ የታጠፉት ጎረቤቴ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናቸው።

«በደንብ ታጥፌያለሁ?» አሉኝ።

«ወገብዎ ላይ ትንሽ ተጨማደዋል» አልኳቸው።

አንዲት ሰፊ አረንጓዴ ካናቴራ ገብታ በእጅጌዋ ጉንጬን ቆነጠጠችኝ።

«ይሄ ሲታጠብ ይሰበሰባል?»

«ይሰበሰባል» አለ ባለሱቁ፣ ጥቁር ካናቴራ። «ቀለሙ ግን አይለቅም።»

«የውጭ ነው?»

«የደብረ ታቦር ነው።»

«ስጠኝ። ደረቱ ላይ በከፋይ ጻፍልኝ።»

በሱቃችን ከፋይ የምንለው አንድ ፊቱ ለስላሳ ፀጉር ያለው ስስ ፕላስቲክ ነው። ፊደል ተቆርጦበት በሙቀት ሲጫን ልብስ ላይ ይጣበቃል። ከተጣበቀ አይነሳም፤ ለደንበኞቼ የምምለው በዚህ ነው። ስለዚህ ፈራሁ።

«የሚጻፈውን ትንሽ ላስብበት» አልኩ።

«እኛን መቼ አማከርከን?» አለ ባለሱቁ። «እኔ ላይ ‹የሰፈሩ አንበሳ› ብለህ አተምህ። ውሻ ሲጮህ የሚሮጥ ሰው ለብሶኝ ኖረ።»

ማሽኑ ላይ አጋደሙኝ። ክዳኑ ወረደ። አላቃጠለኝም፤ ሙቀቱን በልኩ አድርገውታል። ከዚያ ፊደሎቹን ይዞ የነበረውን የላይ ሽፋን ከማዕዘኑ ጀምረው ቀስ ብለው ላጡት፤ ፊደሎቹ ደረቴ ላይ ቀሩ። ካናቴራዎቹ ተሰብስበው ደረቴን በእጅጌያቸው ዳበሱ፣ አነበቡ፣ ተሳሳቁ። እኔ አገጬ እየከለለኝ ማንበብ አልቻልኩም።

«ምን ይላል?»

«ያምርብሃል» አለች አረንጓዴዋ።

«ምን ይላል አልኩ እኮ።»

ነቃሁ።

ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ዘነበች በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ልብስ አታሚ እቤቱ ሲሆን የሚለብሰው እጁ ላይ የተበላሸበትን ነው፤ እኔም ለሌላ ሰው ሠርግ አትሜ ጽሑፉ ስለጠመመብኝ ያስቀረሁትን ካናቴራ ለብሼ ነበር የተኛሁት። የሽማግሌዎቹ አንጋፋ፣ አቶ ይልቃል፣ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና ጽሑፉን በጣታቸው እየዳሰሱ አነበቡት።

«የሙሽሪት አባት።»

ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«እኛ ገና አፋችንን አልከፈትንም፤ እሳቸው በከፋይ ጽፈው ጠብቀውናል። በሉ፣ ቀኑን እንቁረጥ።»