ከፀሐይ እሳት መጫር

ፍርሃትም እንደ ምግብ የየአገሩ ነው። ቆለኛው ወባን ይፈራል፣ ከተሜው ጎረቤቱን ይፈራል፣ እኛ የጋይንት ደገኞች ደግሞ እሳት እንፈራለን። «እሳት የማይፈራ ማን አለ?» ትሉኝ ይሆናል። እኛ ግን የምንፈራው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲነድም፣ ሲጠፋም። በዚያ ብርድ እሳት የጠፋበት ቤት ጎረቤት ሄዶ እስኪጭር ድረስ ቤት አይባልም። ስለዚህ ሲመሽ ፍሙ በአመድ ይዳፈናል፣ ሲነጋ ይገለጣል። የሚዳፍነውም ሰው የታወቀ ነው፤ ለቅሶ እንኳ ቢሄድ ቶሎ ይመለሳል። ክብሪት ከመጣ ቆየ፤ ልማዱ ግን ገና አልሰማም።

እኔ አርብ ገበያ ፊዚክስ የማስተምር ፈሪ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት እዚያው ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም አጎቴ ቄስ አያሌው «ቶሎ ይምጣ» ብለው ላኩብኝ። ልጃቸው እናትነሽ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ደርሷት፣ «ወደፊት ፊውዥን የሚባለውን አጠናለሁ» ብላለች። እሳቸው ምርቃት ከልክለዋታል፤ እሷም ያለ አባቴ ምርቃት ከደጅ አልወጣም ብላ ተቀምጣለች። መግቢያው ቀን ደርሷል።

አጎቴ ልጅ ሳሉ በደንብ ካልተዳፈነ ምድጃ የተነሣ እሳት ሣር ቤታቸውን በልቶታል፤ ጠባሳው ዛሬም እጃቸው ላይ አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ምድጃ አይጠጉም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱን እሳት የምትዳፍነው እናትነሽ ናት።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ፣ «ፀሐይን ምድር ላይ ሊያነዱ ነው አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው አባ።»

መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ያዙ። እኔም ፈራሁ፤ የካህን ፍርሃት ይጋባል።

እየፈራሁም ቢሆን አስረዳሁ። ፀሐይ እንጨት አታነድም፤ የምታነደው ከሁሉ የቀለለውን፣ ሃይድሮጅን የሚባለውን ነው። የሃይድሮጅን አተም እምብርቶች፣ ኒውክለስ የሚባሉት፣ መቀራረብ አይወዱም፣ ይገፋፋሉ። ሙቀቱና ግፊቱ እጅግ ሲበረታ ግን ይጋጩና ይዋሐዳሉ፤ ሄልየም ይሆናሉ። ሲዋሐዱ ከክብደታቸው ጥቂት ትጎድላለች፤ ያቺ የጎደለችው ናት ብርሃንና ሙቀት ሆና መጥታ ገብሳችንን የምታደርቀው። ፊውዥን የሚሉት ይህ ነው፤ በምድር ለመሥራት ታዲያ ከፀሐይ እምብርት የባሰ ሙቀት ያስፈልጋል።

«በምን ምድጃ?»

«የሚችለው ምድጃ የለም። በማግኔት ጉልበት አንጠልጥለው ነው የሚይዙት፤ ግድግዳ አይነካም።»

«ቢነካስ? ያ ቦምብ የሚሉትስ?»

«የሃይድሮጅን ቦምቡ ዘመዱ ነው፣ አልዋሽዎትም። ይህ ግን በአንድ ጊዜ የሚገባለት ነዳጅ ከትንፋሽ የቀለለ ነው። ግድግዳውን ቢያበላሽ እንኳ አይዛመትም፤ ትንሽ ከተዛነፈ ቀዝቅዞ ይጠፋል። የቸገራቸው ማጥፋቱ ሳይሆን ማቆየቱ ነው። ይኸው ስንት ዘመን ለፍተው አንድ መንደር አላበሩበትም።»

ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የምትሰማው እናትነሽ ፈገግ አለች። እኔም ነገሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ጋቢዬን አስተካከልኩ።

«ቶሎ የሚጠፋ ነው በለኛ፣» አሉ አጎቴ ቀስ ብለው።

«በጣም ቶሎ!»

«ከጎረቤትም አይጫርም።»

«ከየት ተጭሮ አባ!»

«እንግዲያ ጠባቂው መቼ ወደ ቤቱ ይመለሳል?»

ልጄ ትቃጠላለች ብለው ሲፈሩ የነበሩትን ሰውዬ፣ ላጽናና ብዬ አትመለስም የሚል ፍርሃት ጨመርኩባቸው። ፊዚክስ ለዚህ ምዕራፍ የለውም።

መስቀላቸውን ይዘው ተነሡ። እናትነሽ ጉልበታቸው ሥር ወደቀች። መረቋት። ምርቃቱ ረጅም ነው፤ መጨረሻው ግን፣ «እሳትሽ ይያዝልሽ። ሲይዝልሽም ለሌላ ጠባቂ ሰጥተሽ ነይ» የሚል ነበር።

ሄደች። በቀደም ልጠይቃቸው ብገባ፣ አጎቴ ምድጃው አጠገብ ተንበርክከው በዚያ በጠባሳ እጃቸው ፍም ላይ አመድ ይመልሳሉ። ደንግጬ ከኪሴ ክብሪት አወጣሁና፣ «ምነው አባ፣ ይጥፋ ተዉት፤ ጧት ይጭሩታል» አልኳቸው።

ክብሪቱን ዞር ብለውም አላዩት።

«ስትመጣ ጠፍቶ ብታገኘውስ?»