ዜና ዘሩባቤል ዘኮድቡር፣ ጎርፍ ሳይመጣ ሕዝቡን ስላወጣበት ቀን

በዓመተ ዘሩባቤል፣ የቤት ኪራይ በተጨመረ በሁለተኛው፣ እርሱም አንጸባራቂ ሰደርያ በለበሰ በመጀመሪያው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲቃረብ፣ በሐርጌሳ ከተማ በኮድቡር ሰፈር ይህ ሆነ። ዘሩባቤል በየሰው ቤት ሴራሚክ የሚያነጥፍ፣ በአገሩ ኮሌጅ ግን አደጋ መከላከልን የተማረ፣ ዲፕሎማውንም ከቤት አከራዩ በቀር ማንም ያላየለት ጎልማሳ ነበረ። የሚኖርባትም ግቢ፣ የኢትዮጵያ ሰዎች ተከራይተው የሞሉባት፣ በዝናብ ጊዜ ብቻ ወንዝ በሚሆነው ደረቅ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነበረች።

ወእምዝ የወረዳው የአደጋ ጊዜ አስተባባሪ ናይማ፣ በጅግጅጋ የተማረች፣ አማርኛዋም የሰላ፣ ወደ ግቢው መጥታ እንዲህ ስትል አወጀች፦ «ግቢያችሁን በከተማው የጎርፍ ዕቅድ ውስጥ ላስገባ እፈልጋለሁ፤ ጎርፍ ሲመጣ መኪና እንዲላክላችሁ። ነገር ግን ሲጠሩ የማይወጡ ሰዎችን ብጽፍ አለቆቼ ይስቁብኛል። አርብ ጠዋት ከጁምዓ በፊት ልምምድ አለ። ካልወጣችሁ፣ ዋላሂ፣ አልጽፋችሁም፤ መኪናውም በራችሁን አልፎ ይሄዳል።» ይህንም ብላ ለዘሩባቤል ሰደርያና የእጅ ድምፅ ማጉያ ሰጠችው።

ዘሩባቤልም አንድም ተጨነቀ፣ አንድም ደስ አለው። ባለፈው ዓመት ውኃው ደጃፍ ድረስ መጥቶ፣ ከአልጋ የማይነሡትን እትዬ ብርቅነሽን በበር ሳንቃ ተሸክመው እንዳወጧቸው አልረሳምና ተጨነቀ፤ ማጉያ በእጁ ስለ ገባ ደግሞ ደስ አለው።

አርብም በጠባ ጊዜ በከፍታው ላይ ወዳለው የትምህርት ቤት ሜዳ ዘመተ። የተከተሉትም ሠራዊት እነዚህ ናቸው፦ የበርበራን መንገድ በአይሱዙ የሚመላለሰው ሾፌር ረጋሳ፤ ከአሕመድ ዳጋህ ሰፈር በውሰት የመጣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር፤ የማን እንደሆነች ያልታወቀች ፍየል። ዘሩባቤልም ማጉያውን ወደ ግቢው አዙሮ አዋጅ አስነገረ፦ «የሸለቆ ዳር ሰዎች ሆይ! ጎርፍ መጥቷል፤ ማለትም እንደ መጣ ቁጠሩት! ወደ ሜዳው ውጡ!»

ከግቢውም የመልስ አዋጅ በመስኮት ወጣ፦ «ኧረ ዘሩ፣ በዕረፍታችን በአርብ ምድር ሰው ይተኛበት! ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል! ጎርፉ ሲደርስ አንተው ቀስቅሰን!»

ደግሞ አወጀ፤ ፍየሊቱ ብቻ ሰማችው። በሜዳው ቆማ የምትታዘበውን ናይማንም ፀሐይ ስለ መታት ሰዓቷን ማየት ጀመረች፤ እርሱም አፈረ። በዕቅዱ ላይ «መጠለያ» የሚል ስለ ነበረ የእድሩ ድንኳን ትዝ አለው፤ ረጋሳም ከማስቀመጫው በአይሱዙ አምጥቶ በሜዳው መካከል ተከለውና ወደ ጭነቱ ሄደ። ረጋሳ በአንድ አገር ውሎ የማያድር ሾፌር ነውና ይህ ነገር ምን እንደሚመስል አላሰበም፤ ዘሩባቤልም ኮሌጅ ገብቷልና አላሰበም።

ሙቀትም ቢጸናበት ሰደርያውን አውልቆ፣ ማጉያውንም በላዩ አድርጎ በወንበሩ ላይ አኖረና፣ በር ለበር ሊያንኳኳ በሸለቆው በኩል ወደ ግቢው ወረደ። ባንኳኳው በር ሁሉ ግን መልስ አጣ፤ ገብቶም ቢያይ ሰው የለም፤ ሽሮ በምድጃ ላይ ያርራል። ከእኔ ሸሹ ብሎ አዘነ። ይልቁንም የእትዬ ብርቅነሽን አልጋ ባዶውን ባየ ጊዜ፣ እርሳቸው እንኳ ተነሥተው ሸሹኝ ብሎ ልቡ ተሰበረ፤ ዕቅዱም መኪናውም እንደ ቀረ ቆጠረው።

ወእምዝ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሜዳው ሲመለስ ጽኑ ለቅሶ ሰማ። የእድር ድንኳን ተተክሎ ያየ የኢትዮጵያ ሰው፣ ማን ሞተ ብሎ ሳይጠይቅ ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደሚሮጥ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ግቢው በሙሉ በመኪናው መንገድ በኩል ወጥቷል፤ ከጅግጅጋ ያር ሰፈር እንኳ በሚኒባስ የደረሱ አሉ፤ እትዬ ብርቅነሽም በሲሚንቶ ጋሪ ተገፍተው መጥተዋል። የእድሩ ዳኛ እትዬ ሀረገወይን ባዶውን ሰደርያ፣ አጠገቡም ስልኳ ላይ ያቀረቀረችውን የመንግሥት ሴት አይተው፣ ሟቹ ዘሩባቤል ነው ብለው በራሳቸው ፈረዱ፤ ደረታቸውንም እየመቱ እንዲህ አሉ፦

«ጎርፍ ይመጣል ብሎ ሲያስጨንቀን ከርሞ፣
በደረቁ ሄደ ጎርፉን ሳያይ ቀድሞ።»

ዘሩባቤልም ከድንኳኑ ኋላ ቆሞ፣ ስለ ዲፕሎማው የሚያነሣ እንዳለ ጥቂት ጠበቀ፤ ማንም አላነሣም። አንዱ ግን እንባውን እየጠረገ፦ «ወይኔ ዘሩ፣ ሰው አክባሪው! ሴራሚኩ ትንሽ ይዘምም ነበር እንጂ!» ብሎ በጮኸ ጊዜ መታገሥ ተሳነውና ወጣ።

ስለሆነው ጩኸት ዝምታ ይሻላል። ጩኸቱ በበረደ ጊዜ ናይማ በግቢው የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ ዘሩባቤልም በሩን ሁሉ አንኳኩቶ መጥቷልና፣ አንድ ስንኳ አለመቅረቱን መሰከረ። እርሷም አወጀች፦ «በዕቅዱ ገብታችኋል። የግቢው ማስጠንቀቂያ ድንኳን ተብሎ ይጻፍ። አንተ ደግሞ ማጉያዬን መልስ።»

እትዬ ሀረገወይንም በእድሩ ፊት ፈረዱ፦ «ሰው ሳይሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው፤ ነገር ግን ነፍስ ያድናልና ለጎርፍም ይተከል። ይህ ልጅ ግን ለቅሶውን ተቀብሏል፤ ደረታችንን መትተንለታል። እድር ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ አያለቅስም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይሞት!»

እነሆ ዘሩባቤል፣ መልአከ ጎርፍ፣ የሰደርያ ጌታ፣ ከዘመኑ ኃያላን ሁሉ የሚልቅ፣ ቆሞ ሲጮኽ አንድ ሰው ያላስነሣ፣ በቦታው ባለመገኘቱ ግን ሰፈሩን በሙሉ ያስነሣ! ክብሩ ይስፋ፤ ዕድሜውም ይርዘም፤ ማጠር አይፈቀድለትምና።