ፋጡማ አህመድ፣ ሦስተኛ «ለ»

በዚህች አገር ኮሚቴ ውስጥ የሚገባው አዋቂ ሰው እንዳይመስላችሁ። በስህተት የተገኘ ሰው ነው! አዋቂውማ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሐብሐቡን ይበላል።

ምስክሩ እኔ ነኝ። ልጄ የውኃ ኮዳዋን ክፍል ውስጥ ረስታ መጣች። በድሬ ሙቀት ልጅን ያለ ኮዳ መላክ ደግሞ ወንጀል ነው። ቅዳሜ ጠዋት ኮዳውን ልፈልግ ትምህርት ቤቷ ጎራ ብል... ለካስ የወላጆች ስብሰባ ነበር! አዳራሹ ውስጥ ከወንበር በስተቀር የመጣ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ርዕሰ መምህሩ አቶ ታደለ ሲያዩኝ፣ የጠፋ ወንድማቸውን ያገኙ መሰሉ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! የእርስዎ ዓይነት ወላጅ ነው የጠፋብን!»

«እኔ እንኳ ለኮዳ...»

«ይቀመጡ!»

ተቀመጥኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው። ስብሰባው ከትምህርት ገበታቸው ስለሚቀሩ ተማሪዎች ነበር። ተወያየን። ማለቴ፣ እሳቸው ተናገሩ፣ እኛ የተገኘነው ጥቂቶች በደብተር አራገብን። ሲያልቅ «የቀሪ ተማሪዎች ክትትልና ማበረታቻ ኮሚቴ» ተቋቋመ፤ እኔም ሰብሳቢ ሆንኩ። ሰፈሩ ስሙን ወዲያው አሳጥሮ «ቀሪ ኮሚቴ» አለን። እውነቱን ነው! በሁለተኛው ስብሰባ ከእኔና ከአቶ ታደለ በስተቀር አባላቱ በሙሉ ቀሩ።

«ቤት ለቤት እየሄድን እንጠይቅ» አልኩ እኔ።

አቶ ታደለ ግን ከደጋ የመጡ፣ አንቱታ የማይጎድላቸው፣ ጮክ ብሎ የተነገረ ነገር ሁሉ ይፈጸማል ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። «ሞንታርቦ!» አሉ። «ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ እንጭናለን፣ መጋላ ሰፈር እንገባለን፣ የቀሪዎቹን ስም እንጠራለን። ወላጅ ያፍራል፣ ልጅ ይመጣል!»

«ማን ነው የሚጠራው?»

አዩኝ። «ድምፅዎ ወፍራም ነው» አሉ።

ሰኞ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትከር፣ መጋላ ገባን። ባጃጇ ሞንታርቦውን አናቷ ላይ ተሸክማ በየጉድጓዱ ታቃስታለች። አቶ ታደለ ከጎኔ ሆነው ስም ያቀብሉኛል፣ እኔ እጮኻለሁ።

«ስማችሁ የተጠራ ተማሪዎች ትምህርት ቤት ትፈለጋላችሁ! ኑ! ኮቱ! ካሌይ!»

በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም ጠራሁ። የሰው ቋንቋ አልጎደለኝም፤ ችግሩ የሞንታርቦው ቋንቋ ነበር። «ተማሪዎች» ስል ይውጠዋል። «ስማችሁ የተጠራ» ስል ግን ግድግዳ ያነቃንቃል።

የመጀመሪያው ስም «ሙሐመድ አብዲ» ነበር። ወገኖቼ፣ መጋላ መሐል ገብቶ «ሙሐመድ አብዲ!» ብሎ የሚጣራ ሰው ጤነኛ ነው ትላላችሁ? ከጨርቅ ሱቁ አንዱ ወጣ። ከሻይ ቤቱ ሌሎች ወጡ። ከመስጊዱ አጥር ሥር አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

«ወሪያ! ምን አጠፋሁ?» አለኝ ሽርጥ ያገለደመ ባለሱቅ።

«አራተኛ ክፍል ነህ?»

«እኔ? የልጅ ልጄ ናት እንጂ አራተኛ ክፍል!»

ሳላቆም ቀጠልኩ። «ፋጡማ አህመድ! ሦስተኛ ለ! የት ነው ያለሽው?» ብዬ ሳልጨርስ፣ ከአንድ ቀጭን መንገድ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ስም እየተጠራ ነው! ዘይት መጣ!»

አለቀልን! በኛ ሰፈር ስም በሞንታርቦ ከተጠራ ወይ ዘይት ነው ወይ ስኳር፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከየጓሮው ቢጫ ጀሪካን ፈላ። እናት ልጇን ትታ፣ ልጅ ጫማውን ትቶ፣ ጎረቤት ለጎረቤት እየተጣራ ባጃጇን ከበቧት። አቶ ታደለ የሚሆነውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አይ ይህ ሕዝብ! ለትምህርት ያለው ፍቅር!»

«አቶ ታደለ፣ ጀሪካን የያዙት እኮ...»

«ውኃ ይዘው ነዋ የሚመጡት፣ በዚህ ሙቀት!»

ማይኩን አፌ ውስጥ ከትቼ «ዘይት አይደለም! ትምህርት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ይችን ግን ሞንታርቦው አጥርቶ አወጣት። ጀሪካን ሁሉ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካናቸውን ሽቅብ አንስተው «በል ትምህርትህን ጥበስበት!» አሉኝ። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ።

አንዲት ሴት ግን አልሄደችም። አወቅኳት። አመሻሹ ላይ ፀሐይ ሲበርድ መንገድ ዳር ባጂያ በዘይት እየጠበሰች የምትሸጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ፋጡማ ባጂያ» የሚላት፣ ወደ ሃምሳው የተጠጋች ሴት ናት። ልጆቿን አሳድጋ ድራለች። ጀሪካኗን እንደያዘች ባጃጇን ተደግፋ ቆመች።

«ፋጡማ አህመድ እኔ ነኝ» አለች።

«ዘይት የለም እኮ፣ ፋጡማ።»

«ሰማሁ አቦ! ሦስተኛ ክፍል ነው ያልከው?»

«ሦስተኛ።»

«በነፃ?»

«በነፃ።»

ጀሪካኑን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረችው። «ሁለተኛን ጨርሻለሁ። እናቴ ታመመችና ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም» አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እኔም እንዲሁ ለወጉ ያህል «በይ እንግዲህ፣ ነገ ነይ!» አልኳት። ምላስ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በኔ ላይ ሁለቱም ደርሰዋል።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የሦስተኛ «ለ» አስተማሪዋ ሐያት ናት።

«ሰብሳቢ፣ ቶሎ ና! የጠራሃት መጥታለች።»

«ጎሽ! ልጅቷ መጣች?»

«ልጅቷማ አይደለችም...»

ስደርስ ፋጡማ ባጂያ አበባማ ድሪያዋን ለብሳ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ፣ አዲስ እርሳስ ይዛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። እሷ ዴስኩ ውስጥ ገባች ከምል ዴስኩን ለበሰችው ብል ይሻላል። ሐያት ስም ስትጠራ «ፋጡማ አህመድ» አለች።

«ጂራ!»

አለሁ ማለቷ ነው። እንዴት ያለ አለሁ መሰላችሁ! ጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች ተነስተው በረሩ። ልጆቹ በሳቅ ዴስክ ሥር ገቡ።

«ፋጡማ፣ ቀልዱ ይብቃን» አልኳት ጠጋ ብዬ።

«የምን ቀልድ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም አይደል የምትሉት? እኔ መጠምጠሙን ቀድሜ ጨርሻለሁ። አሁን ልማራ!»

 አቶ ታደለን በር ላይ ጠራኋቸው። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ አሰቡ፤ በመጨረሻ ፊታቸው በራ። «እስቲ ይዩት» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ፋጡማ አህመድ ቀረች ተባለ። ፋጡማ አህመድ ተጠራች። ፋጡማ አህመድ መጣች። ሪፖርቱ ላይ ምን ጎደለ?»

«ልጅቷ ናታ የጎደለችው!»

 ሳቄም እዚያው ቆመ። የአንዲት ልጅ ቦታ በሌላ ሰው ሞልቶ ወረቀቱ ሲያምር፣ ልጅቷ ግን የት እንዳለች የጠየቀ ሰው በመሐላችን አልነበረም። ሰብሳቢው ጭምር!

የጠየቀችው ፋጡማ ባጂያ ናት። አጠገቧ የተቀመጠችውን የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጎሸም አድርጋ፣ «ይሄ ቦታ የማን ነበር?» አለቻት።

«የትንሿ ፋጡማ። እሷ እኮ ወንድሟን ትጠብቃለች። እናቷ ፓርክ ነው የምትሄደው።»

ፓርክ ስትል ሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩን ነው፤ እናትየዋ ልብስ ትሰፋለች። ትልቋ ፋጡማ ትንሽ አሰበችና ለልጅቷ መልእክት ሰጠች።

«ዛሬ ሂጂና ንገሪያት። ቦታሽ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ተቀምጣለች፣ ስምሽንም ወስዳለች፣ ሲጠሩሽ አለሁ የምትለው እሷ ናት በያት።»

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«አንተ በሞንታርቦ ጠራህ፣ መጣች? ልጅ በምክር አይመጣም። በቅናት ነው የሚመጣው፣ ወላሂ!»

በማግስቱ እኔም ቀድሜ ደረስኩ፤ ከዚህ ትርዒት ማን ይቀራል? ሐያት ስም መጥራት ከመጀመሯ በሩ በርግጫ ተከፈተ። ክንድ የምታህል፣ ዓይኗ ብቻ ጎልቶ የሚታይ ልጅ፣ ከራሷ ብዙም የማያንስ ሕፃን አዝላ ቆማለች።

«ተነሽ! ቦታዬ ነው!»

«ስምሽ ማነው?» አለች ትልቋ፣ ሳትነቃነቅ።

«ፋጡማ አህመድ!»

«የኔም ፋጡማ አህመድ ነው።»

«እኔ ቀድሜ ነው የተመዘገብኩት!»

«እኔ ቀድሜ ነው የተወለድኩት።»

«ቀድመሽ ከተወለድሽ ለምን ቀድመሽ አልተማርሽም?»

 ትልቋ ፋጡማ መጀመሪያ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ሳቋ ከሆዷ ተነስቶ ዴስኩን አንቀጠቀጠው። «ይቺ ልጅ እንዴት ትቀራለች? ነይ ተቀመጪ!» ብላ ጠጋ አለችላት። ሕፃኑ ግን ጩኸት ሰምቶ ማልቀስ ጀመረ። ሐያት ከልጅቷ ጀርባ አወረደችውና ግራ ቀኝ ብታይ፣ ሥራ ፈት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ሰብሳቢ፣ ያዝልኝ።»

ያዝኩ። ሕፃኑ አንዋር ይባላል። ዝም ብሎ አየኝ፣ ፊቴን በእጁ ዳሰሰ፣ ወደደኝ ስል... ሸሚዜ ሞቀኝ። የኮሚቴው ሰብሳቢ በሦስተኛ «ለ» ፊት በይፋ ተቀባ! አገር ሳቀ፤ ትንሿ ፋጡማም ሳቀች። ስም ሲጠራ ሁለቱም በአንድ ላይ «አለሁ!» አሉ።

በምሳ ሰዓት እናትየዋ መጣች። ልጅሽ ትምህርት ቤት ገባች ብለው ጎረቤቶች ነግረዋታል። የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ፣ ትከሻዋ ላይ የክር ቁርጥራጭ እንደተጣበቀ፣ ቢሮው በር ላይ ቆመች።

«ልታባርሯት ነው?» አለች።

«ኧረ በፍጹም! ይቀመጡ» አሉ አቶ ታደለ።

አልተቀመጠችም። «አባቷ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፣ ከመንገድ ወጥቶ አያውቅም። ጎረቤት አንድ ቀን ይይዝልኛል፣ በማግስቱ ያኮርፋል። እኔ ሥራ ብቀር ያስወጡኛል። እሷ ስትቀር ግን...» ትከሻዋ ላይ ያለውን ክር ነቀለች። «...ማንም አልጠየቀኝም።»

አቶ ታደለ ጠረጴዛውን አዩ፤ እኔ ሸሚዜን አየሁ። በሞንታርቦ ስንጠራ ታፍራለች ያልናት ወላጅ እንግዲህ ይህቺ ናት። ማፈሩ የደረሰው ግን ለኛ ነበር።

ቀድማ የተናገረችው ከእናትየዋ ኋላ ከትንሿና ከሐያት ጋር ቆማ ስትሰማ የነበረችው ትልቋ ፋጡማ ናት። «እኔ ጠዋት ጠዋት ሥራ የለኝም። ሕፃኑ እኔ ጋ ይዋል» አለች።

«አንቺስ? አትማሪም?» አለች ትንሿ።

ትልቋ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሰካችው። ያን ጊዜ ነው ይህቺ ሴት እውነት ልትማር እንደመጣች የገባኝ። 

«ሦስተኛ ለ የከሰዓት ፈረቃም አለው አይደል እንዴ?» አለች ሐያት። «ሁለቱንም ፈረቃ የማስተምረው እኔው ነኝ። ትንሿ ጠዋት፣ ትልቋ ከሰዓት!»

«መመሪያው...» ብለው ጀመሩ አቶ ታደለ።

«መመሪያው ምን ይላል?» አልኩ።

አወጡት፤ መነጽራቸውን አደረጉ። «ዕድሜው ሰባት ዓመት የሞላው... ይላል።»

«ፋጡማ፣ ሰባት ሞልቶሻል?»

«ሳይሞላኝ አይቀርም» አለች።

አቶ ታደለ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሁሉ ፈተሹ። ይህን ያህል ዓመት ያለፈው አይገባም የሚል ነገር አላገኙም። ማኅተሙን አንስተው እፍ አሉበትና... ምዝገባዋ ላይ ጧ!

ይኸውላችሁ፣ አሁን ቀትር ላይ በትምህርት ቤቱ በር ብታልፉ ሁለት ፋጡማ አህመዶች ሲለዋወጡ ታያላችሁ፤ ትንሿ ወንድሟን ትረከባለች፣ ትልቋ ቦርሳዋን አንግታ ትገባለች። ሁለቱም አይቀሩም። ሦስተኛ «ለ» ራሱ የሚቀር ልጅ ጠፍቶበታል፤ ከፋጡማ ጋር የመማር ደስታ ያመልጠኛል ብሎ የታመመውም እያሳለ ይመጣል። አቶ ታደለ ይህ ሁሉ የሞንታርቦው ውጤት ነው ብለው ሪፖርት ጽፈዋል። ይጻፉ።

የኔ ጣጣ ግን አላለቀም። ባለፈው ሳምንት ሐያት ደወለች።

«ሰብሳቢ፣ ነገ ትፈለጋለህ። ፋጡማን ወላጅ ይዘሽ ነይ ብያታለሁ።»

«ትንሿን?»

«ትልቋን።»

«ታዲያ እኔ ምኗ ነኝ?»

«የጠራኝ እሱ ነው፣ እሱን ይዤ እመጣለሁ ብላለች።»

ሄድኩ። በልጅነቴ አዝላ ልታሳድገኝ ትችል የነበረች ሴት፣ አንገቷን ደፍታ፣ በጫማዋ ጫፍ መሬቱን እየጫረች አጠገቤ ቆመች።

«ልጅህ» አለችኝ ሐያት ፈርጠም ብላ፣ «በሒሳብ ሰዓት ባጂያ ትሸጣለች።»

ወደ ልጄ ዞርኩ። «እውነት ነው?»

«በባዶ ሆድ ሒሳብ ይገባል እንዴ?»

«ፋጡማ!»

«እሺ አቦ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም» አለች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ገና እንፋሎት የሚወጣው ባጂያ ለሐያትም ለኔም አስጨበጠችን። ሐያት ቀመሰች፤ ፊቷን ለማኮሳተር ታገለች፤ አልቻለችም። እኔም አፌ ሙሉ እንደሆነ ልጄን ከዛሬ ጀምሮ እንደምቆጣጠር በወላጅነቴ ፈረምኩ።

እናም ወገኖቼ፣ ሰውን በስሙ ስትጠሩ ተጠንቀቁ... ሊመጣ ይችላል! ከመጣ ደግሞ ወላጁ እናንተ ናችሁ።