የወርቅ ተራራና የወረቀት ልጅ

ቁልፍ የጠፋበት ሰው ሶፋ ሥር ይፈልጋል፤ ማንነቱ የጠፋበት ግን ተራራ ይወጣል። ለምን እንደሆነ እንጃ። እዚህ አሜሪካ፣ ቤይ ኤሪያ በዙሪያዬ ያለው ወጣት ሁሉ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቅድመ አያቶቹ አገር ይበርራል፤ ገደል አፋፍ ላይ እጁን ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል፤ ከዚያ "ራሴን አገኘሁ" ብሎ ይመለሳል። እኔ ብዙ ያነበብኩ፣ ካነበብኩትም ጥቂቱን ያመንኩ አሮጊት ነኝ። ራሱን ፈልጎ ሄዶ ያገኘውን ያልወደደ ሰው ፎቶ ግን እስካሁን አላየሁም።

የልጄ የሰናይት ልጅ ሊያ፣ እሷም ከአባቷ ጋር ሄደች። አባቷ የሳንሆዜ ቻይናዊ ነው፤ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ ቻይንኛው የእሷን አማርኛ የሚያህል፣ ማለትም ምግብ ለማዘዝ የሚበቃ። አባትና ልጅ ጫፋቸው ከደመና በላይ የቆመ የድንጋይ ተራሮች ሲያደንቁ ሰነበቱና ተራሮቹ ሥር ካለው የአያቶቻቸው መንደር ገቡ። ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቴሜስካል ሰፈር ካለው ቤቴ መጣችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረች።

"እማማ፣ ጌስ ዋት! ዎንግ አይደለንም። ስማችን ፌክ ነው!"

"አባትሽ ምን አለ?"

"አለቀሰ። ዳዲ! ካን ዩ ቢሊቭ ኢት?"

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅድመ አያቷ ዘመን አሜሪካ ለቻይናዊ ሠራተኛ በሯን ዘግታ ነበር፤ ከሚፈቀድላቸው ጥቂቶች አንዱ እዚህ ዜግነት ያለው ሰው ልጅ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሌላ ሰው ልጅ ነኝ ብሎ፣ የሌላ ሰው ስም ይዞ፣ የማያውቀውን ቤት የደረጃ ብዛት ሳይቀር በቃሉ አጥንቶ፣ መርማሪዎቹን አልፎ ገባ። እንዲህ ያሉትን የወረቀት ልጆች ይሏቸዋል። የመንደሩ የዘር መዝገብ ግን እውነተኛ ስሙን ጽፎ፣ አጠገቡ "ወደ ወርቅ ተራራ ሄደ" ይላል። የወርቅ ተራራ የሚሉት ይህችን የእኛን ሳንፍራንሲስኮ ነው። አያችሁልኝ? እሱ ተራራ ብሎ መጥቶ ስሙን ጣለ፤ እሷ ተራራ ወጥታ አነሳችው።

"ታንክ ጋድ ያንቺ ሳይድ ሪል ነው" አለችኝ። እርስዎ በይ ማለት ከተውኩ ቆይቷል።

አሁን እናንተ ብቻ ስሙኝ። ካርቱም ላይ የስደተኛ ፎርም ስሞላ ለልጅ ቦታ ነበረው፤ ለእህት ልጅ አልነበረውም። እህቴ ሰናይትን በሦስት ዓመቷ እጄን አስይዛት "አንቺ አውጪልኝ፤ እኔ እማዬን ጥዬ የትም አልሄድም" ብላ አገር ቤት ቀርታለች። ለቃለ መጠይቁ "እናትሽ ማናት?" እያልኩ ስንት ቀን አስጠናኋት። ጣቷን ወደ እኔ ትቀስራለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች። እስከ ዛሬ አልረሳችውም።

ወረቀቱ ሲያልቅ እነግራታለሁ አልኩ። ዜግነት ስናገኝ። ስታድግ። ስትወልድ። ሰበቡ እያለቀ ሲሄድ የቀረው አንድ ነገር ነበር፤ እማዬ መባል ጣፍጦኝ ነበር። እህቴ እስክትሞት ድረስ በስልክ "አክስትሽ ነኝ፣ ዓለሜ" እያለች አነጋገረቻት። ሰናይትም ስልኩን ስትዘጋ "አክስቴ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምታለቅሰው?" ትለኝ ነበር። የአገር ቤት ሰው እንዲህ ነው አልኳት።

ሊያ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ትልቅ ወረቀት ዘረጋች። በአንድ ወገን የቻይናዎቹን፣ በሌላው የእኛን ዘር ልትስል ነው። የእኔን ስም ጻፈች፤ ከሥሬ የእናቷን፤ ከላዬ የአባቴን፣ የአባቴን አባት፣ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። ከዚያ ከጎኔ እህቴን ጻፈችና እስክሪብቶዋን አንስታ ጠበቀችኝ።

"እሷስ፣ ልጅ ነበራት?"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ነበራት።

"አልነበራትም" አልኩ።

ከእህቴ ስም ሥር አጭር መስመር ስባ ዘጋችው። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈችልኝ፤ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። ከአባቴ ወደ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ የእህቴም አባት እሱው ነውና። ከሰናይት ወደ ታች ያለውም እውነት ነው። ከዚያ ሁሉ ስም መካከል የወረቀት እናት አንዲት ብቻ ናት። መነጽሬን ሳላደርግ እንኳ የት ጋ እንዳለች አውቃለሁ።