ወፏ ሳትታይ ስሟን የሚያውቁት ሰው

ወፍ ለማየት ከሚወጣ ቡድን ሁሉ ውስጥ፣ ወፏ ገና ሳትታይ ስሟን የሚጠራ አንድ ሰው አይጠፋም። ስድስት ሰው ቢወጣ አንዱ እሱ ነው፤ ሁለት ሰው ቢወጣም አንዱ እሱ ነው። ብቻዬን ወጥቼ ከዚህ ሰው ያመለጥሁ በመሰለኝ ቀን እንኳ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ አንድ ድምፅ፣ «ወዲህ አይደለም፤ ወዲያ ነው!» ብሎኛል።

ለእኛ ማኅበር የደረሱት ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው። «ሊቀ አእዋፍ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠናቸው ለፌዝ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት። በጸደይ፣ ተጓዦቹ ወፎች ከሩቅ አገር መጥተው ረግረጉ ዳር በሚያርፉበት ሰሞን፣ ሊቀ አእዋፍ የተወለወለ ጫማቸውን ተጫምተው፣ ባለሦስት እግር ቴሌስኮፓቸውን እንደ ጠመንጃ አንግተው፣ በሚኒባሱ የፊት ወንበር ላይ ይሰየማሉ። አንድ ሰው «ይህች ምን ትሆን?» ብሎ ሳይጨርስ ስሟን፣ ምግቧንና የጋብቻዋን ሁኔታ ይነግሩታል። የቃላቸው ማኅተም አንድ ነው፦ «ምን ጥርጥር አለው!»

አምና ከቁጥቋጦ ላይ አንዲት ነጭ ሳቢሳ አሳዩን። ስለ ትዕግሥቷ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አስተማሩን፤ በርግጥም ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ነፋስ ሲነሣ የሳቢሳዋ ሆድ ተነፋ፤ ሁለት ማንጠልጠያ አወጣች፤ በጎኗም ላይ የዳቦ ቤት ስም ተነበበ። ፌስታል ነበረች። ነፋሱ ይዟት ሲሄድ ሊቀ አእዋፍ፣ «ይኸው በረረች! በጫጫታችሁ አስደነገጣችኋት» አሉን። ሌላ ቀን ደግሞ ፊታችን የቆመችው ወፍ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር አልገጥም ስትላቸው፣ እስክሪብቶ አውጥተው መጽሐፉን አረሙት። ሰው ሲያወራ፣ «እሽ! ጸጥታ!» ይላሉ፤ ይህን የሚሉበት ድምፅ ግን የረግረጉን ዳክዬ ሁሉ ያስነሣል። መሳሳት የሰው ልጅ ባሕርይ ነው፤ ስሕተትን አለመቀበል ግን የራስ ምርጫ ነው። ይህን ስለ እሳቸው ደጋግሜ በልቤ ብያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ጮክ ብዬም ብያለሁ።

በዚህ ጸደይ የወጣነው ለአዋላጇ ስንል ነበር። የሰፈሩን ግማሽ ሕዝብ ያዋለዱት እትዬ፣ ጉሮሮዋ ሰማያዊ የሆነችውን፣ ከድንቢጥ እምብዛም የማትበልጠውን ብርቅ ተጓዥ ወፍ ለማየት ስምንት ጸደይ ተመላልሰዋል። አንድ ጊዜ የጫማ ክራቸውን ሊያስሩ ጎንበስ ባሉበት አምልጣቸዋለች። አንድ ዓይናቸው ቀድሞ ጠፍቷል፤ ሁለተኛው ሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረጋል።

«ሐኪሙ ቃል አልገባልኝም» አሉን ሚኒባሱ ውስጥ፣ እንደ ቀልድ አድርገው። «የሚመጣው ሁሉ እሷን ካየሁ በኋላ ይምጣ።»

መኪናውን የተከራየነው እስከ ቀትር ብቻ ነበር። ለቀትር ሩብ ሰዓት ሲቀር፣ ከሸንበቆው ሥር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ ጀርባዋን ሰጥታን ብቅ አለች። አዋላጇ ከቴሌስኮፑ ቀና አሉ።

«እሷ ናት?»

ሁላችንም ወደ ሊቀ አእዋፍ ዞርን። በየመነጽራችን አይተናል፤ ተራ የሸንበቆ ወፍ ናት። ሹፌሩ ቀያሹን በክርኑ ጎሸም አደረጋቸውና፣ «ጋሼ፣ ይበሉ እንጂ! ለፌስታል የመሰከረ አፍ ዛሬ ምን ያዘው?» ሲል አንሾካሾከ። እያፈርሁ እናገራለሁ፤ እኔም እንዲዋሹ ተመኘሁ።

ሊቀ አእዋፍ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አይደለችም፣ እትዬ» አሉ። «ያቺን ወፍ በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም። ሦስቴ አይቻለሁ ስላችሁ የኖርሁት ውሸቴን ነው። ይህች አለመሆኗን ግን አውቃለሁ።»

አዋላጇ ወደ ሊቀ አእዋፍ ዞሩ።

«እኔም ወንድ ሲጠበቅ ሴት ብትወለድ፣ ወንድ ነው ብዬ ለእናት አሳቅፌ አላውቅም» አሉ። «ደግ አደረግህ፣ ወንድሜ።»

ሹፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ ሌሎቹ ወደ ሚኒባሱ ሄዱ። ሊቀ አእዋፍ፣ «እናንተ ሂዱ፤ እኛ በእግራችን እንመጣለን» ብለው በተወለወለ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ ቴሌስኮፑንም በአዋላጇ ዓይን ልክ ዝቅ አድርገው አቆሙት። እኔም ቀረሁ፤ ሰውዬው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ።

አንድ ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈሱም። ዳክዬዎቹ እንኳ ተመልሰው መጡ። ነፋሱ ሲበረታ ተንበረከኩና የቴሌስኮፑን እግሮች በሁለት እጃቸው አቀፉ፤ ፊታቸው ወደ ጭቃው፣ ጀርባቸው ወደ ሸንበቆው።

«ውይ!» አሉ አዋላጇ። «ውይ፣ ሰማያዊ!»

ሊቀ አእዋፍ ቀና አላሉም። ቀና ቢሉ ቴሌስኮፑ ይነቃነቅ ነበር። እኔም መነጽሬን ከዓይኔ እስካደርስ፣ የቀረው የሚወዛወዝ ሸንበቆ ብቻ ነበር።

ስንመለስ ሊቀ አእዋፍ የአዋላጇን ክንድ ደግፈው ከፊቴ ይሄዱ ነበር።

«ከሰማያዊው በታች ምን ነበር፣ እትዬ?»

«ጥቁር መስመር። ከሥሩ ደግሞ እንደ ዝገት ያለ ቀይ።»

«ጅራቷስ?»

«ቀጥ ታደርገዋለች፤ እንዲህ!» አሉና በጣታቸው አሳዩ።

«ቀስ ይበሉልኝ፣ እትዬ፤ አንዲት ነገር እንዳታመልጠኝ። እስቲ ከጉሮሮዋ ይጀምሩልኝ።»

አዋላጇ እየሳቁ ከጉሮሮዋ ጀመሩ። ወደ ከተማው ቶሎ የሚያደርስ አቋራጭ መንገድ አውቅ ነበር። አልነገርኋቸውም።