ለክፉ ቀን የተገዛች ናስ

ሰልፍ ሲያይ ምን እንደሚሸጥ ሳይጠይቅ ከኋላ የሚቆም ሰው አታውቁም? በደርግ ዘመን ዲላ ውስጥ ሁላችንም እንዲያ ነበርን፤ የጎረቤቴ የታደሰ ግን ባሰ። ብስክሌት እንኳ ሳይኖረው ተሰልፎ የሞተር ሳይክል ካርቡራተር መለዋወጫ ገዛ፤ ነዳጅ የምታሳልፈውን ያችን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ። በመሐረብ ቋጥሮ ኪሱ ከተታት።

ኮንጋና ዱመርሶ የሚባሉትን የገጠር ቀበሌዎች እየዞረ የሚያክመው ድሬሰር ወሬውን ሰምቶ መጣ።

«ጋሼ፣ አሮጌዋ ሞተሬ በዚች ዕቃ ምክንያት ከቆመች ሰነበተች። በፈለጉት ዋጋ ይሽጡልኝ።»

«ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት ናት፣ ልጄ» አለው።

እኛስ ምን አልን? «አስተዋይ ሰው ነው» ብለን አደነቅነው።

ክረምት ሲገባ ኮንጋ ያለችው የታደሰ እህት ምጥ ጠናባት። ድሬሰሩ ጭቃውን በእግሩ እየገሰገሰ ሄደ። ሲደርስ ግቢው በለቅሶ ተሞልቷል።

ለቅሶው ላይ ከታደሰ አጠገብ ተቀምጬ «አሁን እንኳ ናሷን ለድሬሰሩ አትሰጠውም?» አልኩት በጆሮው።

እንባውን ሊጠርግ መሐረቡን አወጣ። ቋጠሮዋን ሲያይ መልሶ ኪሱ ከተታትና ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

«ከዚህ የባሰ ቀን ቢመጣስ?» አለኝ።